ማስታገሻው አላስታግስ ሲል

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሳናስበው የምንሾምበት አንድ ሹመት አለ። አንድ ዘመድ በጽኑ ታሞ ከአገር ቤት ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ቤተ ዘመዱም ተሰብስቦ «እሱ የተማረ ነው፤ ከሐኪም ጋራ መነጋገር ያውቃል» ወይም «እሷ እንግሊዝኛውን ታነበዋለች፤ እሷ ትከተላቸው» ብሎ ይቈርጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የታሪክ ወይም የቋንቋ ተማሪ የነበረው ሰው የካርድ ክፍል ተሰላፊ፥ የማዘዣ ወረቀት አንባቢ፥ የሐኪሙን ቃል ለበሽተኛው፥ የበሽተኛውንም ቃል ለሐኪሙ የሚያደርስ አስተርጓሚ ይሆናል። ሹመቱን እምቢ ማለት የማይቻል ከሆነ ዘንድ ሥራውን ጥቂት ማወቅ የተሻለ መስሎ ታየን።

በዚች ጽሑፍ ከዚሁ ሥራ አንዱን ክፍል ብቻ እናነሣለን። ይኸውም ካንሰርን በመሰለ ከባድ ሕመም የተያዘ ሰው የታዘዘለትን ማስታገሻ እየወሰደ ሥቃዩ አልበርድ ቢለው ምን ይደረጋል፥ ማንስ ዘንድ ይኬዳል የሚለው ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንምና መድኃኒት ለማዘዝ አንጽፍም፤ ከሚያዝዘው ሰው ፊት ቀርቦ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ለማስረዳት እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መፍረስ ያለበት አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። ኪኒኑ አልሠራም ሲባል ቤተ ሰቡ «እንግዲህ የሰው እጅ አለቀ» ይላል፤ አስታማሚውም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ማስታገሻ ያልሠራበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ኪኒኑ ለሕመሙ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ሊያንስ ወይም የሚሰጥበት ሰዓት ሊራራቅ ይችላል፤ በሽተኛው እያስመለሰው፥ ወይም ፈርቶ ከትራሱ ሥር እየደበቀው ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙም ያ መድኃኒት የማይነካው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አልተሻላቸውም» ብሎ ወደ ሐኪሙ መመለስ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ ሐኪሙ ያልነበረውን ማስረጃ ማምጣት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ለካንሰር ሕመም ባለ ሦስት እርከን መሰላል አውጥቶ ነበር። በመጀመሪያው እርከን ፓራሲታሞል፥ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የመሳሰሉት ይገኛሉ፤ በሁለተኛው ኮዴይንና ትራማዶል፤ በሦስተኛው ሞርፊንና ወገኖቹ። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው መመሪያ መሰላሉን ለማስተማሪያ ያህል አስቀርቶ፥ ዋናው ነገር የእያንዳንዱን በሽተኛ ሕመም መርምሮ ለእርሱ የሚስማማውን መምረጥ እንደ ሆነ አመለከተ። ይህም ማለት ሕመሙ ከመነሻው ከባድ የሆነ ሰው በየእርከኑ እየቈየ እንዲወጣ አይገደድም ማለት ነው። በታችኞቹ እርከኖች ላይ ያሉት መድኃኒቶች ጣራ አላቸው። ፓራሲታሞል ለአንድ ጤናማ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፥ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ኪኒን፥ ሊያልፍ አይገባም፤ ለከሳና ለደከመ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው፤ ካለፈ ጉበትን ይጐዳል። ሞርፊን ግን እንዲህ ያለ የተወሰነ ጣራ የለውም፤ ሐኪሙ እየተመለከተ ቀስ በቀስ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በዲክሎፌናክ ላይ አይቡፕሮፌን፥ በፓራሲታሞል ላይ ስሙ ተለውጦ የተሸጠ ሌላ ፓራሲታሞል እየደረበ ሌሊቱን የሚያነጋ ቤተ ሰብ ያለ ጥቅም ጨጓራና ኩላሊት ያቃጥላል።

«ለእያንዳንዱ ሰው» የሚለው ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ትርጉም አለው። ኮዴይን በራሱ ብዙ አያስታግስም፤ ጉበት ውስጥ ሲፒዋይ ቱ ዲ ሲክስ በሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው የሚሠራው። በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ እንደሚገኝባቸው አሳየ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ኮዴይኑን እጅግ ፈጥነው ስለሚለውጡት የተለመደው መጠን ሊመርዛቸው ይችላል፤ በተቃራኒው ምንም የማይለውጡት ሰዎች አሉ፤ እነርሱ ቢውጡት ባይውጡት አንድ ነው። በዚሁ ምክንያት የአገራችን የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ኮዴይንን ከለከለ። ትራማዶልም በከፊል በዚያው ኢንዛይም የሚለወጥ ነው። እንግዲህ አንድ ኪኒን ጐረቤትን አስተኝቶ የእኛን ዘመድ ሳያስተኛ ቢቀር ዘመዳችን አስመሳይ ነው ወይም ሕመሙን ያጋንናል ማለት አይደለም። የጐረቤትን ኪኒን መዋስም የማይገባው ስለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ፥ ወደ ቃል እንመጣለን። ሐኪም ሕመምን በመሣሪያ ሊለካው አይችልም፤ ያለው ማስረጃ የበሽተኛው ንግግር ነው። በዚህ በኩል አማርኛ ድኻ አይደለም። ቍርጥማት፥ ቍርጠት፥ ውጋት፥ ፍልጠት፥ ጥዝጣዜ እያልን የምንለያቸው ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ለሐኪሙም የሚነግሩት ነገር የተለያየ ነው። ከእንቅስቃሴ ጋራ የሚብስ፥ አንድ ቦታ ላይ የሚቈረጥም ሕመም ካንሰሩ አጥንት መንካቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ለዚህ ከኪኒኑ በተጨማሪ የጨረር ሕክምና ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ጨረር ይበቃል። የሚያቃጥል፥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር፥ የሚደነዝዝ፥ ልብስ ሲነካው እንኳ የሚያስጮኽ ከሆነ የተጐዳው ነርቭ ነው፤ ይህ ዓይነቱ በሞርፊን ብቻ በደንብ አይበርድም፤ አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የመሳሰሉ፥ በመሠረቱ ለድብርትና ለሚጥል በሽታ የተሠሩ መድኃኒቶች ይታከሉበታል። መጣ መለስ የሚል የሆድ ቍርጠት ከአንጀት መኮማተር ወይም ከድርቀት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት የሚብስና ማስመለስ ያለበት የራስ ፍልጠት ደግሞ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊያሳይ ስለሚችል በቶሎ መነገር አለበት። አስታማሚው ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «ፔይን አላቸው» ብሎ በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሲተረጕመው ከአምስቱ ቃላት አራቱን መንገድ ላይ ጣለ ማለት ነው። በአማርኛ የተባለውን በአማርኛ ማድረስ ይሻላል፤ ሐኪሙም እኮ የእናቱን ቋንቋ አልረሳም።

ቃሉ ቢኖርም ሌላ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ጨዋነታችን ነው። አንድ ጓደኛችን የጡት ካንሰር የያዛቸውን የአክስቱን ነገር አጫውቶናል። ሴትዮዋ ሌሊቱን ሲያቃስቱ ያድራሉ። ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣና «እማማ፥ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ ልጄ፤ እናንተ እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። በካርዱ ላይ ደኅና ማደራቸው ይጻፋል። ጓደኛችን ታላቅን ፊት ለፊት ማስተባበል ነውር መስሎት ዝም ይላል። ይህ ለአምስት ቀን ቀጠለ። በስድስተኛው ቀን አንዲት ነርስ ሰላምታውን ከጨረሰች በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «እማማ፥ ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? በየትኛው ጐንዎ መተኛት አቃተዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ኧረ ልጄ፥ መች ተኛሁና ነቃሁ» አሉ። ማስታገሻው የዚያኑ ዕለት ተለወጠ።

ለሰላምታ የሚሰጠው መልስ ሰላምታ ብቻ ነው። ስለዚህ አስታማሚው ጥያቄውን ከሰላምታ መለየት አለበት፤ ስንት ሰዓት ተኙ? ተነሥተው መጸለይ ወይም ፊታቸውን መታጠብ ቻሉ? ምግብ ሲመጣ ሕመሙ ፈቀደላቸው? መለኪያ ከተፈለገ ሐኪሞች ከዜሮ እስከ አሥር ይጠይቃሉ፤ በቍጥር መናገር ለማይመቻቸው ደግሞ እጅ ይበቃል፤ የተጨበጠ እጅ ምንም ሕመም የለም፥ የተዘረጉ አምስት ጣቶች ከዚህ የባሰ ሥቃይ የለም ማለት ነው። ማስተባበል ነውር መስሎ የታየው ሰው አክስቱን ሳያስተባብል «ዶክተር፥ እሳቸው በጨዋነት ነው እንጂ ሌሊት አራት ጊዜ ተነሥተዋል» ለማለት ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ተራ ደብተር ነው፤ ምክንያቱንም በሞርፊን ምሳሌ እናሳያለን። በአፍ የሚወሰደው ፈጣኑ ሞርፊን የሚሠራው 4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሕመሙ ተመልሶ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ጣራው ከተያያዘ በኋላ ውሃ መለመን ዋጋው ብዙ ነውና። «ሲያምዎት ብቻ ይውሰዱ» የተባለ በሽተኛ ቀኑን ሙሉ ከሕመሙ ኋላ ሲሮጥ ይውላል። በሰዓቱ እየተሰጠም ሕመሙ በመሃል ሰብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ሐኪሙ ተጨማሪ መጠን ያዝዛል፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ነው። እንግዲህ በየ4 ሰዓቱ 10 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው በቀን 60 ይወስዳል፤ ተጨማሪውም 10 ይሆናል። ይህን ተጨማሪ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከፈለገው ድምሩ 90 ደረሰ፤ ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ መደበኛውን መጠን ወደ 15 ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስሌቱን የሚሠራው ሐኪሙ ነው፤ ቍጥሮቹን የሚያመጣለት ግን አስታማሚው ነው። ደብተር ከሌለ «አንዳንዴ ይሻላቸዋል፥ አንዳንዴ ይብስባቸዋል» ከሚል ቃል ምንም ስሌት አይወጣም።

ሞርፊን ሲጀመር ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ይመጣል፤ ሁለቱም በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀንሳሉ። ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ከሞርፊኑ ጋራ አብሮ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መታዘዝ አለበት፤ ተልባ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ሞርፊኑን የሚጠላው በዚሁ በድርቀቱ ምክንያት ነው፤ ሆዱ ሲነፋና ሲቈርጠው «መድኃኒቱ ገደለኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ሕመሙም ይመለሳል። ማዘዣውን የሚያነብ ተማሪ ሁለቱ አብረው መጻፋቸውን ቢያይ ጥሩ ነው።

ሞርፊን የሚለው ስም ራሱ ያስፈራል። «ሱሰኛ ያደርጋል»፥ «የመጨረሻው መድኃኒት ነው፤ እርሱ ከተጀመረ ሰውየው አለቀ» ይባላል። ሁለተኛው ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ሞርፊን የሚሰጠው በሕመሙ መጠን እንጂ በቀረው ዕድሜ መጠን አይደለም፤ አንዳንዱ በሽተኛ ለወራትና ለዓመታት እየወሰደው ሥራውን ይሠራል። የመጀመሪያው ግን መለያየት ያስፈልገዋል። ሰውነት መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ስለዚህ በድንገት አይቆምም፥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ሱስ ማለት ግን ሰው ጉዳቱን እያየ መድኃኒቱን ያለ ሕመም መሻቱ ነው፤ ይህ በሐኪም ክትትል ሥር ባለ የካንሰር በሽተኛ ላይ እምብዛም አይታይም። ፍርሃቱን ግን ባዶ ነው አንልም። በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚሁ መድኃኒቶች ያለ ልክ ታዝዘው አያሌ ሰው አልቋል። የእኛ ችግር ግን የዚያ ግልባጭ ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከተከፋፈለው 298.5 ቶን በሞርፊን የተሰላ ማስታገሻ ውስጥ ድኾቹ አገሮች ያገኙት 0.1 ቶን ብቻ ነበር። አደንዛዥ መድኃኒቶችን ለመቈጣጠር በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንኳ በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይመሰክራል። መንግሥታት ከስምምነቱ ቍልፉን በደንብ አንብበው በሩን የረሱት ይመስላል።

ድኽነት ሰበብ እንዳይሆን የኡጋንዳን ነገር እንጥቀስ። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን ካቋቋሙ በኋላ ሞርፊን በዱቄት እየመጣ ከውሃ ጋራ ተበጥብጦ በጠርሙስ መሰጠት ጀመረ፤ ኃይሉም በቀለም ስለሚለይ ፊደል ያልቈጠረ ሰው አይሳሳትም። ሐኪም በሌለበት ገጠር ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄም ኡጋንዳ በ2004 በዚሁ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። በእኛም አገር ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ተቋቁሞ በአዲስ አበባ በሽተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ይረዳል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2016 ለዚሁ ሕክምና አገር አቀፍ መመሪያ አውጥቷል።

ይህ «የማስታገሻ ሕክምና» የሚባለው ሙያ ከማን እንደ ጀመረ ማወቅ ይጠቅማል። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፥ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛ ነበሩ፤ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ፤ በ1967 በሎንዶን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። ከእርሳቸው የመጣው ዋና ሐሳብ «ሙሉ ሥቃይ» የሚለው ነው፤ የሥጋው ሕመም፥ የልጆቹ ነገር፥ የዕዳው፥ የነፍሱም ጭንቀት በአንድ ሰው ላይ አንድ ሥቃይ ሆነው ይቀመጣሉ። ለዚህ ነው መጠኑ ደጋግሞ እየተጨመረ ሕመሙ ንቅንቅ አልል ሲል ብልህ ሐኪም ወንበር ስቦ የሚቀመጠው። አገር ቤት የቀሩ ትናንሽ ልጆች፥ ለሕክምና የተሸጠ በሬ፥ ያልተናዘዙት ነገር፥ ከሁሉም በላይ ቤተ ዘመዱ የደበቀው የሕመሙ ስም ሌሊቱን ያረዝሙታል። በሽተኛው ሳይነግሩት ያውቃል፤ ስለማይነግሩትም ብቻውን ይፈራል። እዚህ ላይ ነርሷ፥ የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛዋ፥ የነፍስ አባቱም ማስታገሻ ናቸው። ጠበል ሊሄዱ ለፈለጉም በሽተኞች መድኃኒቱን ማቋረጥ ግዴታ አይደለም፤ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ገልጸው ነበር።

እንግዲህ ማንን እንጠይቅ? በመጀመሪያ ዋርዱን የያዘችውን ነርስ፤ ቀጥሎ ሐኪሙን፤ ቃሉም አጭር ቢሆን ጥሩ ነው፤ «ዶክተር፥ የታዘዘውን በሰዓቱ ሰጥተናል፤ ሕመሙ ግን ከአምስት አራት ነው። መጠኑ ይጨመር? ወይስ ዓይነቱ ይለወጥ? በመሃል ሲነሣስ ምን እንስጥ?» መልሱ «ከዚህ በላይ የለም» ከሆነ «እንግዲያው የማስታገሻ ሕክምና የሚያውቅ ባልደረባ ዘንድ ሪፈር ይጻፉልን» ማለት መብት ነው፥ ድፍረት አይደለም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ አሁን ሌሎች ከተሞችም ጀምረዋልና ለአጥንቱ ሕመም መጠየቅ አይከፋም። መዋጥ ላቃተው ሰውም በቈዳ ሥር የሚሰጥ መርፌና በቈዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት በሕክምና ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። በሽተኛው ቢጠሩት የማይነቃ፥ ትንፋሹም የተራራቀ እንደ ሆነ የሚቀጥለው ሞርፊን አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ካንሰር ያለበት ሰው አዲስ የጀርባ ሕመም ይዞት እግሩ ቢደክም ወይም ሽንቱን መቈጣጠር ቢያቅተው ሰረሰሩ እየተጨፈለቀ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን መታየት አለበት፤ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር መራመድን ለዘለዓለም ሊያሳጣ ይችላል። ሽንቱ እየቀነሰ የመጣ ሰው ሞርፊን በሰውነቱ ሊጠራቀም ስለሚችል ይህም ይነገር። አረቄ ከሞርፊን ጋራ አይሆንም። ቀስ ብሎ እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራውን ኪኒን መስበርና መፍጨትም አይገባም።

ዘመዳችን ወደ አገሩ የሚመለስ ከሆነ ከመሳፈሩ በፊት መጠናቀቅ ያለባቸው ጕዳዮች አሉ። ሞርፊን በተለየ ማዘዣ ወረቀት ስለሚታዘዝ በመንገድ ላይ ባለ ማንኛውም መድኃኒት ቤት ይገኛል ብሎ መሄድ አይቻልም፤ ለቅርቡ ሆስፒታል የሚሰጥ፥ የመድኃኒቱን ስም፥ መጠኑንና ሰዓቱን የያዘ ደብዳቤ ከሐኪሙ ማጻፍ ያስፈልጋል። ሰዓቱ በአገራችን አቈጣጠር ይጻፍ፤ «በ6 ሰዓት» የሚለውን እንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀትር ነው ብሎ የሚያነበው ብዙ ነው። ጠርሙሱ ልጆች በማይደርሱበት ሣጥን ውስጥ ይቈለፍ፤ የተረፈም ካለ ለመድኃኒት ቤቱ ይመለስ። ደብተሩንም ፊደል ለሚያውቅ አንድ የቤት ልጅ አስረክቦ፥ ጣት እየቈጠረ እንዴት እንደሚሞላው በአውቶቡስ ተራው እንኳ ቢሆን ማሳየት ይቻላል።